ለጥየቃ የመጡት ሴቶች

በሾላ ገብ ቀበሌ አቤት የሚል ሰው ከጠፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻው አቤቱታ በ2065 ዓ.ም. ስለ አንድ የመንገድ መብራት ሊቀርብ ነበር ይባላል። ሰውዬው ማመልከቻውን ጽፎ ሳይጨርስ መብራቱ በራና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የአቤቱታ ክፍሉ የባዶ ቀፎ ማስቀመጫ ሆኗል።

ደግሞስ ምን ብለው አቤት ይበሉ? መዝገቡ ሁሉን ያውቃል። ሙሉ ስሙ የዜጎች አገልግሎት መዝገብ ነው፤ ሰው ግን እንደ ጎረቤት «መዝገቡ» እያለ ነው የሚጠራው። የልጅ እግር ሲያድግ ጫማው በልኩ ይመጣል። የደም ግፊት ኪኒን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲሱ በር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ላም ልትታመም ከሆነ ሐኪሙ ባለቤቱ ሳያውቅ በረት ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሌባ መስሏቸው በዱላ ያሯሯጡት ሐኪም አለ፣ እስከ ዛሬ ሾላ ገብ ሲመጣ ከሩቅ እየተጣራ ነው የሚገባው። ይህን ሁሉ ለሐሜት አይደለም የምናነሳው። ከመዝገቡ በፊት ሰው ለአንድ ፊርማ ሦስት ወር ሲመላለስ፣ «ነገ ና» ሲባል፣ ነገም ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲሆን የኖረበት አገር ነው። መዝገቡ ያንን ገላገለን፣ እሰይ የሚያሰኝ ነው።

ደብሪቱ በሾላ ገብ መናኸሪያ አስተናባሪ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈችው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ስትቀበል ነው። አውቶቡሱ ሹፌር የለውም። በሩ ግን አፍ አለው፦ «እንኳን ደህና መጡ። የመጡበት ጉዳይ?» ይላል። ለቅሶ ያለ ሰው ከመንደሩ ሲደርስ ድንኳንና ወንበር ተተክሎ ይጠብቀዋል። ንግድ ያለ መጋዘን ይከፈትለታል። ጥየቃ ያለ ግን ዘመድ ሊያይ ነው የመጣውና ምንም አያስፈልገውም፣ ምንም አይደረግለትም። «መልካም ጥየቃ» ብሎ በሩ ይዘጋል።

ታዲያ የሾላ ገብ ወጣት ሁሉ ከተማ ገብቷል፤ እዚህ የቀሩት እናትና አባት ናቸው። ሴት ልጅ ግን የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። ይሄ አውቶቡስም መዝገብም ሳይኖር የነበረ ነው። ደግሞ እርጉዝ ሴት መውለጃዋ መድረሱን ጮክ ብላ ለአውቶቡስ በር ትናገራለች? ኧረ ዓይን ያስበላል! እና ሆዷ ከፊቷ ሦስት እርምጃ ቀድሞ፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትወርድና «ጥየቃ» ትላለች። «መልካም ጥየቃ» ይላታል በሩ። ደብሪቱ ሻንጣዋን ትቀበላታለች፣ ምንም አትልም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ወጣ፦

«የሾላ ገብ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል። ባለፉት አምስት ዓመታት የተመዘገበ ወሊድ፦ ዜሮ። በዚህ ዓመት የሚጠበቅ፦ ዜሮ። ክፍሉና ባለሙያዋ ከሰኞ ጀምሮ ወደሚያስፈልጉበት ቦታ ይዛወራሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ደብሪቱ ሁለቴ አነበበችው። ሶልያና፣ ሀዋሳ ያለች አንድ ልጇ፣ ስምንት ወሯን ጨርሳ ዓርብ በአውቶቡስ ልትመጣ ነው። ከዚህ ክፍል ሌላ በአቅራቢያ ያለው ማዋለጃ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ በነሐሴ ሞልቶ ድልድዩን ያልፋል፤ የሚበረው አምቡላንስም ጭጋግ ሲወርድ አይነሳም። የደብሪቱ ታላቅ እህት ጥሩወርቅ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ክፍሉ ሳይሠራ በፊት፣ ምጧ ይዟት እዚያ ወንዝ ዳር ደረሰች። ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ እዚያው ቀረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደብሪቱ ያን ቀን ጭንቅላቷን ይዛላት ነበርና ወንዙን እስከ ዛሬ ቀና ብላ አታየውም።

መናኸሪያውን ጥላ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። አዋላጇ ሲስተር ማንጠግቦሽ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች አገኘቻት።

«ሲስተር፣ ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው? ዓምና ስንት አዋለድሽ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«እና ዜሮ ነው የሚለው?»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ሕፃኑ ሲመዘገብ ወላጆቹ አድራሻ ነው የሚሄደው። አዳማ ይሄዳል፣ ጅማ ይሄዳል፣ ሀዋሳ ይሄዳል። እዚህ ቢወለድም መዝገቡ እዚያ ነው የሚያየው።»

«አንቺ አትነግሪውም?»

«በምን በኩል?» አለች ሲስተር ማንጠግቦሽ፣ በቁጣ ካርቶኑን እየዘጋች። «የሚጠይቀኝን ነው የምመልስለት። ክብደቱን ይጠይቀኛል፣ ቁመቱን ይጠይቀኛል፣ የእናትየውን ደም ዓይነት ይጠይቀኛል። የት ተወለደ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም!»

ደብሪቱ ወጥታ ለልጇ ደወለች። እዚያው ሀዋሳ መዝገቡ ያዘጋጀላትን አልጋ እንድትይዝ ለመነቻት።

«እማዬ፣ አልጋው ጥሩ ነው፣ አይቼዋለሁ» አለች ሶልያና። «መስኮት አለው፣ ሁሉ ነገር አለው። ግን ፈርቻለሁ። እኔ ስፈራ የምመጣው አንቺ ጋ ነው። ሻንጣዬን ዘግቻለሁ።»

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፈርቻለሁ ብላ አታውቅም። እንደዚህ ያለች ልጅ አትምጪ ትባላለች?

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀበሌው መስኮት ሄደች። መስኮቱ ከመዝገቡ ጋር ሰው የሚነጋገርበት ነው፤ ለዓመታት የቀረበው ሰው ባለመኖሩ ጠርዙ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ጉዳይዋን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው።

«ያቀረቡት ጉዳይ ከአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም» አለ መስኮቱ በለዘበ ድምፅ። «ጤንነትዎ መልካም ነው። የጉልበትዎ ቅባት ነገ ይደርስዎታል።»

«ጉልበቴን ማን ጠየቀህ!» አለች ደብሪቱ።

«መልካም ቀን።»

በማግስቱ ቅባቱ መጣ። ደብሪቱ ቅባቱን በር ላይ ትታ ወደ ጋሽ ደምለው ቤት ወረደች። ጋሽ ደምለው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ በታይፕ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ በወረዳው ከቀሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የመጨረሻው እሳቸው ናቸው። ደብሪቱ ተናግራ ስትጨርስ ዓይናቸው በራ።

«አዋጁ አልተሻረም» አሉ። «ማንም ዜጋ በመስኮቱ ፊት ሦስት ጊዜ አቤት ካለ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው፣ ማሽን አይደለም፣ በአካል ቀርቦ ይሰማዋል። ሲጸድቅ እዚያው ቆሜ ነበር። ማንም ባይጠቀምበትም አዋጅ አዋጅ ነው። ቆይ፣ ኮቴን ልልበስ።»

«ኮት ምን ያደርጋል ጋሽ ደምለው?»

«ልጄ፣ ያለ ኮት አቤቱታ አይቀርብም!»

በእጃቸው ጻፉት፤ «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው ጀምረው፣ አመልካቿን በስም በአባት በአያት ዘርዝረው፣ ሦስት ገጽ። መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ደብሪቱ አፈረች። ለራሷ ነገር በአደባባይ ጮኻ አታውቅም፤ በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ መጮህ ረስቷል። የመጀመሪያው አቤት ከጉሮሮዋ ያለ ድምፅ ወጣ። ጋሽ ደምለው «አይቆጠርም» አሉ። በሁለተኛው ጥሩወርቅን አሰበቻት።

«አቤት!» አለች። «አቤት! አቤት!»

ሰዉ ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት ከየቤቱ ወጣ። መስኮቱ ጸጥ አለ። ሾላ ገብ ውስጥ መዝገቡ ዝም ሲል የታየው ያን ቀን ነው። ቆይቶ፣ «ሰምቻለሁ። ሰው ይመጣል» አለ።

ዓርብ ሶልያና መጣች። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጋቢዋ እስከ አገጯ ነው፣ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

«የመጡበት ጉዳይ?»

«ጥየቃ።»

«መልካም ጥየቃ።»

ደብሪቱ ሻንጣውን ለመቀበል የዘረጋችውን እጅ እንደዘረጋች ቀረች። ይህችን ቃል በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማቻት እግዜር ይወቀው፤ ከገዛ ልጇ አፍ ስትወጣ ግን ክፉኛ ደነገጠች። መዝገቡ ማን ያታልለዋል ሲሉ ኖረው፣ ለካ ሲያታልሉት የኖሩት እነሱው ናቸው። እሷም ከነሱ ጋር ሻንጣ ስትቀበል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው መጣ። ሰውዬው ሴት ነበረች፤ ቤዛዊት ትባላለች፣ ከባሕር ዳር የመዝገቡ ባለሙያ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሰፊ ጃኬት የለበሰች፣ ትሑት ልጅ። አቤቱታ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ሳትደብቅ ተናገረች። ቀፎዎቹ ከክፍሉ ወጥተው ወንበር ገባ። መንደሩ በሙሉ በረንዳው ላይ ቆመ። ለጥየቃ የመጡት ሴቶች፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ከኋላ ጥጋቸውን ይዘው ተከናንበው ተቀመጡ።

ጋሽ ደምለው ሦስቱን ገጽ ቆመው አነበቡ። ቤዛዊት በትዕግሥት ሰማች።

«እማማ ደብሪቱ፣ ያሉትን አምናለሁ» አለች። «ግን እኔ ማመኔ ክፍሉን አያቆየውም። መዝገቡ የሚያየው ዜሮ ነው። ቁጥር ካልሰጠሁት አይሰማኝም። እናቶቹ ራሳቸው ይንገሩኝ። ልትወልድ የመጣች አለች?»

አንዷ ጋቢዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ሶልያና የእናቷን እጅጌ ይዛ «እማዬ፣ በእኔ እንዳትናገሪ» አለቻት በሹክሹክታ። ቤዛዊት ትንሽ ጠብቃ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ማስታወሻዋን ዘጋችና ልትነሳ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

ደብሪቱ ይቺን አነሳስ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ አይታታለች።

«የኔ ልጅ» አለች። «አንቺስ ስንት ወርሽ ነው?»

ቤዛዊት ፊቷ ቀላ። «ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ያገናኘዋል። የት ነው የምትወልጂው?»

«አልጋዬ ባሕር ዳር ነው የተያዘው።»

«አልጋሽን ማን ጠየቀሽ?»

በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ቤዛዊት ወለሉን አየች። «እናቴ ጋ ነው» አለች። «መርሐ ቤቴ።»

«አየሽ? ለመዝገቡስ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

ልጅቷ አገር ምድሩ በሚሰጣት መረጃ የምትሠራ፣ መዝገቡን ያስተማሩት ሰዎች ያስተማሯት ባለሙያ ናት። ከንፈሯን ነከሰች።

«ጥየቃ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ወይ ሳቅ! ጋሽ ደምለው መነጽራቸው ወደቀ። ሲስተር ማንጠግቦሽ ግድግዳ ተደግፋ ዕንባዋን ጠረገች። ቤዛዊት ራሷ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ሶልያና ጋቢዋን ከአገጯ አወረደችና ተነሳች።

«እኔም ልወልድ ነው የመጣሁት» አለች። «ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።»

ደብሪቱ ፈራች፤ ኮራችም። ከኋላ ሌላዋ ተነሳች። «እኔም።» ከዚያ ሦስተኛዋ። ከዚያ እናቶቻቸው ጭምር መናገር ጀመሩ። አሥራ አንዱም ተነሱ። ቤዛዊት እየጻፈች ነበር፤ ስትጨርስ ግን ፊቷ እንደገና ከበደ።

«ይሄ ለዚህ ክረምት ይበቃል» አለች። «ለከርሞስ? በየዓመቱ ሴት እያቆምን አናስለፈልፍም። የሚቀጥሉት ደግሞ ጥየቃ ነው የሚሉት፣ እኔም ብሆን እላለሁ። መዝገቡ ማንንም ሳያስጨንቅ በራሱ የሚያየው ምልክት ያስፈልገኛል።»

ደብሪቱ አሰበች። ስታስብ መናኸሪያዋ ነው የታያት፣ የሚወርደውና የሚሳፈረው።

«ጥየቃ የመጣ ሰው ስንት ቀን ይቆያል?» አለች።

«ሦስት ቀን። ቢበዛ ሳምንት።»

«እነዚህ ከወለዱ በኋላ አርባ ቀን ይቆያሉ። ወይ ሰማንያ። ወንድ ሲሆን በአርባ ቀኑ፣ ሴት ስትሆን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሳል፤ በማግስቱ ሻንጣቸውን አሳፍራለሁ። አንድ ቀን አያሳልፉም። ዘመድ ጠያቂ ሰማንያ ቀን ምን ይሠራል ብሎ መዝገባችሁ አያስብም እንዴ?»

ቤዛዊት አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ በፍጥነት ተናገረች፦ ጥየቃ ብለው የወረዱ፣ ከተማ የተያዘላቸው አልጋ ባዶ ያደረ፣ ልጃቸው በተወለደ በአርባ አንደኛው ወይም በሰማንያ አንደኛው ቀን የተመለሱ። ቁጠር አለችው።

መስኮቱ ቆጠረ። «ሾላ ገብ፣ በአምስት ዓመት፦ መቶ ሰማንያ ሰባት።»

«ሰማንያ ዘጠኝ ነው!» ብላ ጮኸች ሲስተር ማንጠግቦሽ ደብተሯን ይዛ። «ሁለቱ ወደ ከተማ አልተመለሱም፣ እዚሁ እየኖሩ ነው።»

«መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» አለ መስኮቱ። «ታርሟል። በአገሪቱ ተመሳሳይ ምልክት የታየባቸው ቀበሌዎች፦ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ከሰኞ ጀምሮ ሊዛወሩ የነበሩ ስልሳ አራት ማዋለጃ ክፍሎች ባሉበት ይቆያሉ። ለሾላ ገብ ሁለተኛ አዋላጅ ተመድባለች።»

እልልታው ቀፎ ጠባቂዎቹን ከማዶ አስነሳ። ጋሽ ደምለው ኮታቸውን ቆልፈው «በሥረ ነገር አሸንፈናል» እያሉ ያልጠየቃቸውን ሁሉ ጨበጡ። ደብሪቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ሳትደብቅ አለቀሰች። ስልሳ አራት ክፍል። ስልሳ አራት ወንዝ አሰበች፣ በየወንዙ ዳር ማንም የማይጠብቅበት።

መስኮቱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ጥያቄ አለኝ» አለ። ሁሉም ዞሮ አየው፤ መዝገቡ ከአውቶቡስ በርና ከሐኪም ቅጽ ውጭ ጠይቆ አያውቅም። «ያልጠየቅኳችሁ ሌላ ነገር አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ደምለው ወንበር ሳቡ፣ መነጽራቸውን ከወደቀበት አንስተው ጠረጉ፣ ብዕር አወጡ።

«ተሰለፉ!» አሉ።

በነሐሴ ሁለተኛው ሳምንት ወንዙ ድልድዩን አለፈ። ጭጋጉ ሦስት ቀን አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሶልያናን ምጥ ያዛት፤ ከእናቷ ቤት እስከ ማዋለጃው ክፍል በእግሯ ሄደች፣ ሁለቴ ብቻ ቆማ። ሁለቱም አዋላጆች ነበሩ። ደብሪቱ ጭንቅላቷን ይዛላት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሕፃኗ ጮኸች፣ እንዴት ያለ ጩኸት!

ሲስተር ማንጠግቦሽ እጇን ታጥባ የመዝገቡን ቅጽ ከፈተች። ክብደቷን ጠየቃት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ አለችው። ቁመቷን ጠየቃት፣ ነገረችው። ከዚያ አዲስ መስመር መጣ። ሲስተር ማንጠግቦሽ አንብባው ቀና ብላ ደብሪቱን አየቻት።

«የት ተወለደች ይላል» አለች።

«ንገሪው እንግዲህ!»

«ሾላ ገብ» አለች ሲስተር ማንጠግቦሽ፣ ጮክ ብላ። በክፍሉ ሰሌዳ ላይ «የተመዘገበ ወሊድ» ከሚለው ሥር ዜሮው ጠፋና አንድ መጣ።

ደብሪቱ ሰሌዳውን ለማየት አልቆመችም። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ዝናቡ እየመታቸው ተሰብስበው ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ወለደች!» አለቻቸው። «ልጄ ወለደች፣ ግቡ!»